በመጀመሪያው ቃል እሺ

የማስተምርበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገበያ የሚያወራ ምዕራፍ አለ። እዚያ ምዕራፍ ላይ «ባርጌን» የምትባል ቃል አለች። ሌላውን ቃል ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ትርጉሙን ተናግሬ፣ ልጆቹን አስደግሜ አልፋለሁ። እሷ ላይ ስደርስ ግን ጠመኔውን እንደያዝኩ እቀራለሁ። ተማሪዎቼ ነቅተውብኛል፤ «ቲቸር ዛሬም ባርጌን ላይ ቆመች» እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ። ይንሾካሾኩ፣ ምን አገባኝ።

መዝገበ ቃላቱ እንደሆነ ነገሩን ቁጭ አድርጎታል። በዋጋ መከራከር ይላል መጀመሪያ። ቀጥሎ ውል፣ ስምምነት ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ በርካሽ የተገኘ ዕቃ ይላል። የከተማችን ወጣትም ቃሏን ከመጽሐፍ አውጥቶ የራሱ አድርጓታል፤ የልብስ ሱቁ ልጅ ገና አፍሽን ስትከፍቺ «ባርጌን የለም፣ ዋጋው ፊክስ ነው» ብሎ ይዘጋሻል። ይኼ ሁሉ ልክ ነው፣ ማን ተሳስቷል አለ? ግን ዘንድሮ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ መከራከር ከሆነ መጣላት ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚሁ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ ዋጋው ከተለጠፈበት ዕቃ በቀር ሲገዛ ያየች አትመስልም። «ኧረ ወዲያ! ምን መጣላት አመጣው? መፋቀር ነው እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም፤ አባቴ ትዝ ብለውኝ ነበር።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ገበሬ ነበሩ። ቤታችን ወደ ቡሬ ጠጋ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። በቆሎ፣ በርበሬ፣ ትንሽ ጤፍ ያመርታሉ። በእርሻ ከሰው አይበልጡም፣ ከሰውም አያንሱም። ክርክር ላይ ግን፣ እግዚኦ! የቡሬ ገበያ ይመስክር። አንድ ማረሻ ለመግዛት መጀመሪያ ሻጩን ሰላም ይላሉ። ልጆቹን ይጠይቃሉ፤ ዝናቡ በነሱ በኩል እንዴት እንደሆነ፣ ከብቱ ምን እንደሚመስል ይጠይቃሉ። ከዚያ ማረሻውን ያነሡና አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩታል፤ በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ድምፁን ይሰማሉ፤ ፊታቸውን አጨማድደው መልሰው ያስቀምጡታል። ዋጋ የሚነሳው ይህን ጊዜ ነው። ሻጩ ዋጋ ሲጠራ እንደተሰደበ ሰው ብድግ ይላሉ። «በል ደኅና ዋል ወንድሜ» ብለው ይሄዳሉ። ጨው ተራውን ዞረው ተመልሰው ይመጣሉ። ሻጩም እንደሚመጡ ያውቃል፤ ማረሻውን ለሌላ ሰው አያሳይም። ልጅ ሆኜ ይኼ ነገር እንዴት ያበሳጨኝ ነበር! ለአንድ ብረት ጀንበር እስክታዘቀዝቅ!

ከሁሉ የሚያናድዳቸው «የመጨረሻውን ንገሩኝ» የሚል ሰው ነው። «ምን ያለው ነው ከመጨረሻው የሚጀምር? ቀብር ነው እንዴ?» ይላሉ። እንዲህ ላለው ሰው ዋጋም አይጠሩለትም።

ቡሬ ላይ አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ የአባቴ እኩያ። አባቴ የእናቴን የቀሚስ ጨርቅ የሚገዙት ከሳቸው ብቻ ነው፤ ሌላ ሱቅ ይረክሳል ቢባሉ አይሰሙም። ነጋዴው ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው «መጡ ደግሞ፣ ዛሬ ቤቴን ሊያዘጉ መጡ!» ብለው ይጮሃሉ። አባቴ ደግሞ «ይኼን ወንፊት ነው ጨርቅ የሚሉት?» እያሉ ይገባሉ። በኛ ፋሲካ ነጋዴው፣ በነሱ ኢድ አባቴ ሳይጠያየቁ አይቀሩም። አንድ ጊዜ ነጋዴው ታመው ተኙ። አባቴ ሊጠይቁ ሄደው፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ማንም ሊገዛው ባላሰበው አንድ ጣቃ አቡጀዲ ዋጋ ሲከራከሩ ዋሉ። «ምነው አባዬ፣ የታመመ ሰው?» ብላቸው፣ «ታዲያ ዝም ብዬ ላልቅስለት?» አሉኝ። ሰውየው ብዙም ሳይቆዩ ተነሥተው ሱቃቸውን ከፈቱ። በዋጋ መከራከር የሚለው የመጽሐፉ ትርጉም እንግዲህ እኛ ዘንድ ይኼ ነው።

እናቴ ስታርፍ አባቴ ብቻቸውን ቀሩ። ወንድሞቼ ሥራ ብለው ሩቅ አገር ናቸው፤ ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ውኃ የሚቀዳላቸው የጎረቤት ሰው ነው። እኔም ፍኖተ ሰላም ብቻዬን ነው የምኖር። ትዳሩ አልሆነልኝም፣ ልጅም አልወለድኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ የምገባው ጭር ወዳለ ቤት ነው። «አባዬ፣ ከኔ ጋር ይግቡ» አልኳቸው። በአንዴ እሺ እንደማይሉ አውቃለሁ። መሬቱን አነሡ፤ ለእኩል ይሰጣል አልኩ። ቤቱን አነሡ፤ ይቆለፋል አልኩ። ቤተ ክርስቲያናችንን አነሡ፤ እግዜር ከተማም አለ አልኩ። በመጨረሻ ላሟን አነሡ።

ላሟ ዳልቻ ናት። እናቴ ከጥጃነቷ ጀምራ በእጇ ያሳደገቻት፣ የእናቴን ድምፅ ስትሰማ ከመስኩ ማዶ እየጮኸች የምትመጣ ላም ናት። እናቴ ካረፈች በኋላ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታይ ነበር። አባቴ ሲያልቧት ያወሯታል። ምን እንደሚሏት አልሰማሁም፤ እኔ ጠጋ ስል ዝም ይላሉ።

«እሷን ሽጬ እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ላሟ የተሸጠች ዕለት፣ ገመዷን ይዤ ቤትሽ ነኝ።»

በኛ በኩል ከብት ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ገዥ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ሻጭ የራሱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይመልሳል፤ የቤቱ ገድ ከከብቱ ጋር አብሮ እንዳይሄድ ነው። አባቴ ይኼን ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ እኔም መታሁት። መዝገበ ቃላቱ ውል የሚለው ይኼው ነው፤ ወረቀትም ምስክርም አላስፈለገንም።

መኸሩ ከገባ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዳልቻዋን እየነዱ ቡሬ ከብት ተራ ይወርዳሉ። ማታ እየነዱ ይመለሳሉ። በስልክ ስጠይቃቸው «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላሉ። በሚቀጥለው «ገዥ የለም»። ከዚያ ደግሞ «የዘንድሮ ገዥ ላም አያውቅም»። እስኪ ልየው አልኩና አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሄጄ ያየሁትን ምን ልበል! ሰው ሁሉ ከብቱን መሀል ላይ አውጥቶ ሲያሳይ፣ አባቴ ሰው የማያልፍበት ጥግ አጥር ሥር ቆመዋል። በጋቢያቸው ጫፍ የላሟን ዓይን ይጠርጋሉ። አንድ ሰውዬ እንደምንም አግኝቷቸው «ስንት ይሏታል?» አለ። አባቴ የጠሩት ዋጋ፣ ኧረ ጉድ፣ ሁለት ላም ከነጥጃቸው ይገዛል። ሰውየው ሳቀና ሄደ። የአባቴ ፊት በራ። ሌላው መጣ፣ ጠሩበት፣ አማተበና ሄደ። አሁንም ፊታቸው በራ። ደላላው ያውቃቸዋል፤ «እኝህ አባት ላም ያስጎበኛሉ እንጂ አይሸጡም» አለኝ እየሳቀ።

ያኔ ገባኝ። ዋጋው አጥር ነው። ቃላቸውን እንዳያጥፉ ላሟን ገበያ ያወጣሉ፤ ላሟም እንዳትሄድባቸው በዋጋ ያጥሩባታል። ሳቄም መጣ፣ ሆዴም ተባባ። ትንሽ ተቀይሜያቸውም ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ? የኔን ባዶ ቤት አላሰቡትም ብዬ ነው።

ከቀትር በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። በኋላ እንደሰማነው ከተማ ውስጥ ወተት ሊሸጥ ያሰበ ነው። ላሟን ከሩቅ አየት አደረጋት። ጥርሷን አላየ፣ ጡቷን አልነካ፣ ስንት ወለደች አላለ።

«ስንት ነው አባባ?» አለ።

አባቴ ያንኑ ዋጋ ጠሩ። እንዲያውም ከጠዋቱ ጨመር ሳያደርጉበት አልቀሩም።

«እሺ» አለ።

ደላላው አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቴ ወጣቱ ያልሰማ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙለት። «እሺ አልኩ እኮ አባባ፣ ተስማምቶኛል» አለና ገንዘቡን ያወጣ ጀመር። አባቴ መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ላሟን አዩ፣ ከዚያ እንደገና እሱን።

«ምንም አትልም እንዴ?» አሉት። «ጡቷን እይ እንጂ። አርጅታለች እኮ። ወተቷም እንደ ድሮው አይደለም።»

ሻጭ የገዛ ከብቱን ሲያጥላላ ያን ቀን አየሁ። ወጣቱ «ግድ የለም አባባ» አለ። በዚህ መሀል ደላላው የሁለቱንም እጅ ያዘና አማታው፤ ሥራው ነውና ምን ያድርግ። እጅ ከተመታ በኋላ ምን ይባላል? አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ገበያ መሀል፣ በገዛ አፌ የጠራሁትን ዋጋ አልፈልግም ሊሉ ነው? ከዚያ ወዲያ ቡሬን እንዴት ይረግጧታል?

ድንገት ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ገመድ ይዘሃል?» አሉት።

አልያዘም።

«ገመድ ሳትይዝ ነው ላም ልትገዛ የመጣኸው?» ድምፃቸው ከፍ አለ። እውነት ለመናገር ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ክርክር የሚጀመር መስሏቸዋል። ወጣቱ ግን «ይቅርታ አባባ፣ አላወቅሁም» ብሎ ሮጠና ከወዲያ ጥግ የናይለን ገመድ ገዝቶ መጣ። እሱንም አልተከራከረበትም። አባቴ ራሳቸው የገመዱትን የቃጫ ገመድ ከዳልቻዋ አንገት ፈቱ። ቋጠሮው ለጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ብዙ ቆየ። ላግዝዎ ብላቸው በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ላሟ እየተነዳች ስትሄድ ዞራ አየችን።

ወጣቱ ክፉ አልሠራም፤ ይኼን ሁሌም እላለሁ። የተጠየቀውን ከፈለ፣ ሽማግሌ አላስቸገረም። ገበያተኛው ሁሉ «ቀናዎት! እንዲህ ያለ ገዥ ከየት ይገኛል!» እያለ አባቴን ትከሻቸውን ይመታል። እኔ ግን በርካሽ የተገኘ ዕቃ ለሚለው ትርጉም ምሳሌ ስጪ ብባል ዳልቻዋን ነው የምጠራው። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ በርካሽ ወሰዳት። አባቴ ስንመለስ፣ ቤት ልንደርስ ስንል አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«አላነጋገረኝም እኮ» አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ገመዱን ይዘው ፍኖተ ሰላም ገቡ። እንደገቡ ከሁሉ በፊት ምስማር ጠየቁኝ፤ መኝታቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ መቱና ገመዱን ሰቀሉት።

መጀመሪያ ላይ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከሥራ ስመለስ በሩን ገና ሳልነካው ከውስጥ «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ አባዬ።» «እኔ ማን?» «ልጅዎ ነኛ፣ ሌባ ነው እንዴ የሚመጣብዎት!» በየቀኑ ይኼው ነው፤ በየቀኑ ይስቃሉ። እኔም ቀኑን ሙሉ ያቺን «ማነው?» ስጠብቅ እውላለሁ። ሰው ቤት አለኝ የሚለው ለካ ለዚህ ነው።

እሳቸው ግን የሚያከራክራቸው አጡ። ሱቁ ዋጋ ለጥፏል። ባጃጁ ታሪፍ አለው። ለጉልበታቸው ቅባት ልንገዛ መድኃኒት ቤት ገባን፤ አባቴ የተለመደ ሰላምታቸውን ሰጡ፣ የባለሙያዋን እናትና አባት ጠየቁ፣ ከኋላችን ሰልፍ ቆሟል፣ እኔ ላቤ ይንቆረቆራል። በመጨረሻ «እስኪ ትንሽ ጣል አድርጊልን ልጄ፣ የሚያመኝ አንድ ጉልበት ብቻ ነው» አሏት። ልጅቱ ሳቀችና «ዋጋው ከኮምፒውተሩ ነው የሚወጣው አባባ» አለች። አባቴ ኮምፒውተሩን ትክ ብለው አዩት። «እሱንስ ያነጋገረው አለ?» አሉ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው የምራቸውን ነበር።

የተረፈቻቸው አንዲት አስፋልት ዳር ማንጎ የምትሸጥ ሴትዮ ነች። ምላሰኛ ናት፣ ትችላቸዋለች። «ይኼ ማንጎ መች በሰለ?» ሲሏት «ይዘውት ይግቡና አብረው ይብሰሉ!» ትላቸዋለች። ጠዋት ወጥተው ለምሳ ነው የሚመለሱት፤ ጥቂት ማንጎ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ምን እንዳለቻቸው፣ ምን እንዳሏት ሲነግሩኝ ምሳችን ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ካፊያ መቷቸው፣ እየሳሉ ሄዱባት መሰለኝ፣ «ይውሰዱት አባባ፣ ከእርስዎማ ገንዘብ አልቀበልም፤ ይመርቁኝ ብቻ» አለቻቸው። መረቋት። ማንጎውን አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ አልቀመሱትም።

«ምነው አባዬ?» አልኳቸው።

«አዘነችልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ዳር አልወጡም።

እንግዲህ ቀረሁ እኔ። እኔና እሳቸው ደግሞ ገና ከመጡ ጀምሮ የምንከራከርበት ነገር ነበረን፤ እሱም ወደ አገር ቤት መመለሳቸው ነው። «ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ» አሉ መጀመሪያ። «ፋሲካንማ እዚሁ ነው የሚፈስኩት፤ ለግንቦት ልደታ ይሄዳሉ» አልኩ። «ለዳግማ ትንሣኤ።» «ለልደታ!» «እንግዲያው ልደታ ዋዜማ።» እጅ እንመታለን። ልደታ ሲደርስ ክርክሩ እንደገና ይከፈታል። ሰኔ መጣ፤ ጭቃው ለጉልበትዎ አይሆንም አልኩ፤ እስከ ሐምሌ ጎተትኳቸው። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ። እሳቸውም ሲሸነፉ «ይቺ ልጅ አባቷን ገፈፈች!» ብለው እየሳቁ እራታቸውን ጥርግ አድርገው ይበላሉ። እኔ በልቤ፣ መቼ ሊሄዱ ነው፣ ዋጋ እየጠሩ ነው እንጂ እል ነበር። ላሟ ላይ እንዳደረጉት መስሎኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባቴ ገመዱ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰሞኑን ዝምታ አብዝተዋል፤ ከውጭ ስመለስም «ማነው?» ማለቱን ትተዋል። ክርክር ልክፈትላቸው፣ ትንሽ ይነቃቁ አልኩና፣ ገና ምንም ሳይሉ፣ «አባዬ፣ በዚህ ዝናብ የት ይሄዳሉ? እስከ መስቀል ይቆዩ» አልኳቸው። «ኤዲያ፣ መስቀል! ቡሄንም አልጠብቅ!» እንዲሉኝ ጠበቅሁ።

«እሺ ልጄ» አሉ።

ዝናቡ ነው፣ አልሰሙኝም አልኩ። «እስከ መስቀል ነው ያልኩት አባዬ።»

«ሰምቻለሁ። እሺ።»

አባቴ በመጀመሪያው ቃል እሺ አሉ። ያ ወጣት ከብት ተራ ውስጥ እሺ ሲላቸው ምን እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ኧረ እንዲያውም እስከ ኅዳር ይሁን!» አልኩ፣ ላናድዳቸው ብዬ።

«እንዳልሽ።»

«እስከ ገና!»

«እንዳልሽ ልጄ።»

ዓይናቸው ከገመዱ ላይ አልተነሣም። እነዚያ ማረሻ የሚያንኳኩ ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብለው ተዘርግተዋል። ዝም ማለት ደግሞ እኔ አልችልበትም።

«እሺ ገና ይቅር፣ መስቀል ይሁን» አልኩ። ዝም አሉ። «መስቀልም ሩቅ ነው፣ እንቁጣጣሽ።» ዝም። «በቃ ቡሄ፣ ቡሄን ከአገርዎ ሰው ጋር ያክብሩ።» አንድ ጣታቸው የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። ገዥ በሌለበት ዋጋዬን ብቻዬን እየጣልኩ ነበር። «ፍልሰታ ሲገባ።» ዝም። «የፊታችን ቅዳሜ።»

ከዚያ በታች የቀረውን አውቀዋለሁ። መናገር አልፈለግሁም። በሩን፣ ጭር ያለውን ቤት፣ ያቺን «ማነው?» አሰብኳት። እንዴት አድርጌ በአፌ ልጥራው? ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«ነገ» አልኩ።

አባቴ ዓይናቸውን ከገመዱ ላይ አነሡ። አንዱን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ፣ ማረሻ እንደሚያዩት አድርገው።

«ነገ መቼ?» አሉ።

«ከቁርስ በኋላ።»

«ኤዲያ! እኩለ ቀን ልታደርጊብኝ ነው? ወፍ ሲንጫጫ።»

«ወፍ ሲንጫጫ መኪና የለም አባዬ።»

«አሥር መኪና አለ። ወፍ ሲንጫጫ ብያለሁ።»

«ፀሐይ ስትወጣ! ከዚህ በታች አልወርድም፣ ቢፈልጉ ይተዉት!» እያለቀስኩ ነው የምከራከራቸው።

«እንግዲያው ደኅና ዋይ እመቤቴ» አሉና ብድግ አሉ። በዚያ ጉልበታቸው እስከ በሩ ሄዱ። ከፈቱት፤ ዝናቡን አዩ፤ ትንሽ ቆሙ። እኔም እንደሚመለሱ አውቄ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ተመለሱ።

«በይ እሺ፣ ፀሐይ ስትወጣ» አሉ። «ምራቂስ አለው?»

«ምን ይጨመርልዎ?»

«አብረሽኝ ሂጂና እሑድን እኔ ዘንድ ዋይ።»

እጃቸውን ዘረጉ። መታሁት። እሳቸውም መልሰው መቱኝ፣ መዳፌን እስኪያቃጥለኝ ድረስ። «ዛሬ ገፈፍኩሽ!» ብለው ሳቁ፤ እውነታቸውን ነው። ያን ማታ እራታቸውን ጥርግ አድርገው በሉ።

ጠዋት ገመዱን ራሳቸው ከምስማሩ አወረዱት። ቡሬ እስክንደርስ ከመኪናው ረዳት ጋር ተከራከሩ፤ አገራቸው ገብተውም እስኪያርፉ ድረስ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገበያ ወጥተው ሲከራከሩ ኖሩ። እኔ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ምስማሩም እዚያው ግድግዳው ላይ አለ። ከሥራ ስመለስ አሁንም ቁልፉን ሳልከት በሩ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ማነው የሚለኝ ግን የለም።